ወንዙን ዘግተው ለከፈቱብን ኃላፊ

ለተከበሩ የተፋሰሱ ግድቦች አስተዳደር ዋና ኃላፊ፤

ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከግድቡ በታች ያለን ሽንኩርት አምራቾች፣ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ ደህና ነን። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ሥራ ላለማስፈታት ስል ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በበጋው ውሃውን ለመብራት ማመንጫውና ለሐይቁ ዳር ሆቴል ጀልባዎች ብለው ስለያዙልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር ወንዙ ጠጠር ብቻ ሆነ። አቤት ልንል ስንመጣ ባለሙያዎ ወንበር እንኳ ሳይነፍጉን «ውሃው ለሁሉም በሚዛን ነው የሚከፋፈለው» ብለው ሸኙን። ለመብራቱም ቢሆን ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሽቦው በማሳችን ላይ ሲያልፍ ከታች ሆነን እናየዋለን።

፪. ታላቅ ወንድሜ ወንዙ መሀል የቀረች አንዲት ኩሬ አይቶ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን እየጎተተ ወረደ። እኔ ዳር ላይ ቱቦውን ይዤ ነበር። ለካ ከላይ ዘንቦ ግድቡ ሞልቶብዎት ኖሮ፣ በሮቹን በአንድ ጊዜ ከፍተዋቸዋል። ሳይረን አልጮኸም፣ ስልክ አልተደወለም። «ውጣ! ውሃ መጣ!» ብዬ ስጮህ፣ ወንድሜ የሰማው «ውሃ መጣ» የምትለዋን ብቻ ነበርና ደስ ብሎት ሳቀ። ከዚያ ዞር ሲል አየው። ጎረቤቶች በገመድ ጎትተው አወጡት፤ ሞተሩ የደቆሰው እግሩ ግን ሐኪም ቤት ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ማሳውንም ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው። ድርቅንና ጎርፍን ከአንድ ቢሮ፣ ያለ ምንም መጉላላት ያገኘን ዕድለኞች ነን።

፫. ማስጠንቀቂያው በድረ ገጽ ተለጥፎ እንደነበር ስለገለጹልን እናመሰግናለን። ወንዝ ውስጥ ሞተር የሚጎትት ሰው በሌላ እጁ ምን መያዝ እንዳለበት ተምረናል።

ክቡርነትዎ፣ ትህትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። በበጋ ጥቂት ውሃ ይልቀቁልን፤ በሮቹን ሊከፍቱ ሲሉ ደግሞ ይንገሩን። ከድሮም የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ለእኛ ደግሞ ከእርስዎ መዳንን እየተመኘሁ፣ ጎርፉ ካስተረፈው የማሳ ጠርዝ ላይ ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የሽንኩርት ገበሬዋ

ማስታወሻ፦ የቢሮዎ ሰዎች ጉዳቱን ፎቶ ሊያነሱ የመጡበት መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ገፍተን ያወጣነው እኛ ነን። ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ሳለ ወንድሜ ክራንቹን ተደግፎ «ኧረ ግፉላቸው፤ እዚሁ ሊያድሩብን ነው እንዴ?» ስላለን ነው።