ስለ ባለሁለት ወንበሯ መኪናዬ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል

«የእሳቸው ጭንቅላት ከእኔም ይሻላል፤ ያስቸገረን ልባቸው ነው» ብሎ ሐኪሙ ለሴት ልጄ ኮሪደር ላይ ሲነግራት በበሩ ክፍተት ሰምቻለሁ። ከእኔ ባነሰ ጭንቅላት ልቤን የሚመረምር መሆኑ ስላሳሰበኝ ሌላ ሐኪም እንዲፈለግልኝ ጠይቄ ነበር፤ አልተፈለገልኝም። የሆነ ሆኖ አእምሮዬ ሙሉ ስለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላቀርብም። ዛሬ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በመኝታ ክፍሌ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የተባለውን ሁሉ ሳያሳምር እንዲጽፍ ተስማምተናል።

ቤቱ ከነዕቃው ለባለቤቴ ነው፤ ይህ አያከራክርም። መጻሕፍቴን ሴት ልጄ ትውሰድ፣ ያላነበብኳቸውን ጭምር። ከጓደኛዬ ከመምህሩ የተዋስኩት መዝገበ ቃላት ይመለስለት። («አሁን ገና ትዝ አለህ?» ብሏል መምህሩ፤ ለምስክርነት እዚሁ ተቀምጧል።)

የቀረችው መኪናዋ ናት።

ጃፓን ሠራሽ፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ በእጅ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ናት። ሠላሳ ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና የሻጩን ቃል አልተቀበልኩም፤ በተገዛች ዕለት መሥሪያ ቤታችን ወስጄ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አቆምኳት። ዘጠኝ መቶ ስድሳ ኪሎ። ደግነቷ ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል። ሞተሯ ትንሽ ቢሆንም አይለግምም፣ ፍሬን ሲረግጡባት ቀጥ ትላለች፣ ኩርባ ላይ ገና ሳስበው ትታጠፋለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሞተሯ አንድም ቀን አልተከፈተም። «ጋሼ፣ ደንበኛ ሁሉ እንደ እርስዎ ቢሆን ጋራዡን ዘግቼ ነበር» ይለኛል መካኒኩ።

ነውሯንም አልደብቅም። ወለሏ ከመሬት ብዙ ስለማይርቅ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ሆዷ ይፋቃል። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ የሚያፈሰውም ተሳፋሪው ጉልበት ላይ ብቻ ነው። ዕቃ መጫኛዋ አንድ ሻንጣ ይችላል፤ ሁለተኛ ሻንጣ ካለ ባለሻንጣው ይቀራል። ስድሳ ከሞላኝ ወዲህ ደግሞ መግባቱስ ይሁን፤ መውጣቱ ግን ረዳት የሚያሻው ሆኗል።

ከሁሉ የከፋው ግን እኛ አራት መሆናችን ነው። «ሁለት ልጅ አሳድገህ ሁለት ወንበር ትገዛለህ?» ብላ ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፋለች። ስለዚህ የቅዳሜ ጠዋት ሽርሽር በተራ እንዲሆን ደነገግሁ፤ የወሩ አንደኛው ቅዳሜ የባለቤቴ፣ ሁለተኛው የሴት ልጄ፣ ሦስተኛው የወንድ ልጄ። በተረፈው መኪናዋ ትታጠባለች።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ቅለቷ ስለማረከኝ ይበልጥ ላቀላት ፈለግሁ። ሬዲዮኗን ነቀልኩ፣ ምንጣፏን አነሳሁ፣ ትርፍ ጎማዋን ከነክሪኩ አወጣሁ። ጎማው አሥራ አንድ ኪሎ ነበር። ወንድ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀ ቀን እናቱና እኅቱ በአውቶቡስ ቀደሙ፣ እኔ በመኪናዋ ተከተልኩ፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ስደርስ የአዳራሹን ወንበር እየደራረቡ ነበር። ልጄ ጋውኑን አጥፎ በክንዱ ይዟል።

«ትርፍ ጎማውስ?»

«አውጥቼዋለሁ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው በአሥራ አንድ ኪሎ ነው የለወጥከኝ» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ አልገባም። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው።

ሦስተኛውን ቅዳሜ ግን ለማንም አልሰጠሁም። ባለቤቴ «እኔ ልምጣ?» ስትለኝ «ተራሽ አይደለም» ብያታለሁ። ወንበሩ ባዶውን፣ ቀበቶው ታስሮ፣ አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ይመለሳል። ልጄ ይህን አያውቅም። አሁን በሩ ላይ ስለቆመ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያንብብለት።

(ተነቧል።)

መኪናዋን እንዲህ አካፍያለሁ። መሪውና የሾፌሩ ወንበር ለሴት ልጄ ይሁን፤ አነዳዷ ከእኔ ይሻላል። ከማርሹ ወዲያ ያለው ወንበር፣ በላዩ ከሚያፈሰው ጣሪያ ጋር፣ ለወንድ ልጄ ይሁን። ማርሹ የጋራ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ አትሸጥም፣ አትንቀሳቀስም።

«አባዬ፣ መኪና እንደ መሬት ይሸነሸናል እንዴ?» አለች ሴት ልጄ።

«ተይ እስቲ፣ ጋሼ ይጨርሱ» አላት ለምስክርነት የመጣው መካኒኩ።

ወንድ ልጄ ከበሩ ሳይነቃነቅ «ያ ጎማ የት ነው ያለው?» አለ።

«አልጋዬ ሥር።»

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «አዲስ ነው» አለ።

«እሱም ያንተ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ እኅቱን «ሦስተኛው ቅዳሜ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ከነገ ወዲያ።»

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ከዚህ ቀደም የተናገርኩት ቢገኝ ይህ ይሽረዋል።

ተናዛዡ፣ ጡረተኛ የሚዛን ተቆጣጣሪ፣ ፈርመዋል።
ምስክሮች፦ መምህሩ፣ መካኒኩ፣ የሠፈሩ መድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ጸሐፊው፣ ፈርመዋል።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ከዚህ ቃል ጋር ለማያያዝ የመኪናዋን ሊብሬ ጠይቄ ባለቤታቸው ከቁም ሣጥናቸው አውጥተው ሰጥተውኛል። መኪናዋ ከተገዛችበት ዕለት ጀምሮ የተመዘገበችው በተናዛዡ ሳይሆን በባለቤታቸው ስም ነው።