የሥራ ልምድ ደብዳቤና የአጎቴ ለቅሶ

ሰኞ፣ ጁን 7

መለሱብኝ! ለሁለተኛ ጊዜ መለሱብኝ። የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የላከው ኢሜይል ሦስት መስመር ነው። ዲፕሎማህ ደርሶናል፣ የላክሃቸው ፎቶዎችም ደርሰዋል፣ እናመሰግናለን ይላል። የጎደለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፤ አሠሪዬ የፈረመበት፣ ማህተም ያለበት፣ ከመቼ እስከ መቼ ምን ምን እንደሠራሁ የሚዘረዝር፣ ከነሙሉ ትርጉሙ። እስከ ጁን 17 ካላመጣሁ ፋይሌ ይዘጋል። ከተዘጋ እንደ አዲስ አፕላይ ማድረግ ነው፤ በኮቪድ የተከመረው ወረፋ ስንት ወር እንደሚፈጅ እነሱም አያውቁትም።

ደብዳቤው ከሌለ ለፈተና አያስቀምጡኝም፤ ፈተናውን ካላለፍኩ ካርድ አይሰጡኝም። ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ እዚህ አገር ኤሌክትሪሺያን አይባልም፣ ሄልፐር ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሕንፃ መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰውዬ! ዛሬ ማውንተንስ ኤጅ በሚሠሩት አዲስ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ምን ሠራሁ? ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ቧንቧ ተሸከምኩ፣ የካይልን መሰላል ያዝኩ። ካይል አለቃዬ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካርድ አለው። አንድ ሶኬት ላይ ሽቦ ልቀጥል እጄን ስሰድ "ኖ ኖ፣ እሱን አንተ አትነካም" አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም። ክፉ ቢሆን እንኳ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አዲስ አበባ ያሉት የድሮ አሠሪዬ፣ ጋሽ ወርቅነህ። እሳቸውን መለመን? ኤጭ! ልተኛ።

ማክሰኞ፣ ጁን 8

እሺ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዲቪ ሲደርሰን ለማንም አልተናገርንም። ማን ይናገራል? ቪዛው እስኪመታ፣ ከመታም በኋላ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ አፍ ተይዞ ነው የሚኬደው። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ። ሚስቴ ትርሲት ለእህቷ እንኳ አልነገረችም። የበረራው ቀን ሲደርስ ግን ከሥራ የምጠፋበት ሰበብ አስፈለገኝ። ጋሽ ወርቅነህን "አጎቴ ተሾመ ሞተ፤ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው፤ ሐሙስ እመለሳለሁ" አልኳቸው። "ነፍስ ይማር" ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለው የራሳቸውን ጋቢ ሰጡኝ። ያን ቀን ማታ በረርኩ።

አጎቴ አልሞተም። እስካሁንም አልሞተም።

ጥዬው የሄድኩት አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። መስመሩን ግድግዳ ውስጥ ቀብሬ ልስን እየተለሰነ ነበር። የቱ ሽቦ በየት በኩል እንደሄደ የተጻፈ ወረቀት የለም፤ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ጭንቅላቴን ይዤ መጣሁ።

ዛሬ ከትርሲት ጋር ተጣላን። ከሆቴል ክፍል ጽዳት ሺፍቷ ገብታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

"እዚህ ያደረሰኝ ያንቺ ምክር ነው" አልኳት።

"የኔ ምክር ያደረሰህማ ላስ ቬጋስ ነው" አለችኝ። "ዝም በል አልኩህ እንጂ አጎትህን ግደል አልኩህ? ደውልላቸው!"

አልደውልም አልኳት። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

አንድ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚኖር የአገሬ ልጅ "ማህተም ምን ያቅታል? እኔ አሠራልሃለሁ" ብሎኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ አሰብኩበት። ማሰቤ ራሱ አናደደኝ። የፈቃድ ቢሮው ሰዎች ደግሞ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለው ያጣራሉ አሉ።

ረቡዕ፣ ጁን 9

ደወልኩ። ከሥራ በፊት፣ መኪናዬን ሳይቱ አጠገብ ፓርክ አድርጌ። እዚህ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ስንታየሁ ነኝ ጋሼ።"

ከኋላቸው የኮንክሪት ማደባለቂያ ይንጓጓል።

"የቱ ስንታየሁ? አጎቱ የሞተበት?"

ከዚያ የነገሩኝን መቼም አልረሳውም። ሐሙስ ስቀር፣ አርብም ስቀር፣ ልጁን ሐዘኑ ጎድቶት ነው ብለዋል። እሁድ ዘጠኙን ሠራተኛ ፒክአፕ ላይ ጭነው ኮተቤ እናቴ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። በሩን የከፈተላቸው አንድ ሽማግሌ ነው።

"'እግዜር ያጽናዎት' ብዬ አቀፍኩት" አሉኝ። "'ማን ሞቶ ነው?' አለኝ። 'ተሾመ ነዋ' አልኩት። 'ተሾመማ እኔ ነኝ' አለኝ።"

ለካ አጎቴ ያን እሁድ ከደብረ ብርሃን እናቴን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸው አልሳቁም። "ዘጠኝ ሰው ፊት አዋረድከኝ። እናትህ የምትገባበት ጠፍቷት 'አሜሪካ ገብቷል' ያለችኝ ያኔ ነው።"

ስለ ደብዳቤው ጀመርኩ። "ልምድህንማ አይተነዋል" ብለው ዘጉት።

እናቴ ይኼን አሥራ ስድስት ወር ሙሉ ደብቃኛለች! ምሳ ሰዓት ላይ ደውዬ ጮህኩባት። እዚያ መሽቶ ነበር፣ ከእንቅልፏ ነው የቀሰቀስኳት። "እንዳይከፋህ ብዬ ነው ልጄ" አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ይኸው ከበደ።

ሐሙስ፣ ጁን 10

ሙቀቱ አናት ይበጣል። ማስክ፣ ሄልሜት፣ ላብ። ካይል ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልኩ ያነሳል፤ ፎቶው ላይ ቀስት እየሳለ ቁጥር ይጽፋል። ከዚህ በፊት ስቄበታለሁ፤ ኤሌክትሪሺያን ሥራውን በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው ብዬ። ዛሬ አልሳቅኩም።

ከጋሽ ወርቅነህ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። ቃል በቃል ማለት ይቻላል፦ "ኮቪድ ሥራውን አስቁሞት ነበር፣ አሁን ቀጥለናል። የሁለተኛውን ፎቅ ግድግዳ እየፈለፈልን ነው መስመርህን ያገኘነው። ሦስተኛውን አልፈለፍልም። እሁድ በቪዲዮ ደውልና አስረክብ። ሥራ ያላስረከበ ሰው ከኔ ዘንድ ወረቀት አይወጣለትም።"

ሰው ፊት ስልኬን ወረወርኩት። ደግነቱ አሸዋ ላይ ነው ያረፈው። ይኼ እኮ ማስገደድ ነው! ሰው አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ እያዩ! እያልኩ ቧንቧ ስሸከም ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ፤ አንድ ሰው እንዲህ አድርጎኝ ቢሄድ እኔ ስልኩንም አላነሳለትም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 12

ሥራ የለም። የቴሌቪዥን ካርቶን ቀድጄ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ሦስተኛውን ፎቅ ስስል ዋልኩ። ትርሲት እየዘለለችኝ ታልፋለች።

የማስታውሰው፦
ከደረጃው በስተግራ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ሳጥን፣ በደረት ልክ።
ኮሪደሩ ላይ አራት ሳጥን፣ ሁሉም ከጣራው ሥር አንድ ክንድ ወርዶ።
መታጠቢያ ቤቱ ጋ ምሰሶ ስለነበረ ዞሬ ነው ያለፍኩት። በዚህ ከጋሼ ጋር ተጨቃጭቀን ነበር።
ወደ መንገድ የሚያዩት ሁለቱ ክፍሎች፣ አንድ መስመር ይጋራሉ።

ሊፍቱ ጎን ያለው ጠፋኝ። ግራ ነው ቀኝ? ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ሽቦ እየሳብኩ ሞከርኩ። አልመጣም። በጣም ስለጨነቀኝ ያለ ምክንያት ትርሲት ላይ ጮህኩ። ሻይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ከአሥራ አራት ሳጥን አሥራ ሦስቱን አግኝቻለሁ፤ ከዓመት ከአራት ወር በኋላ! ይኼንን የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚያጣራልኝ?

እሁድ፣ ጁን 13

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጋሽ ወርቅነህ ሸብተዋል። ሰላምታ የለም። "ከየት ልጀምር?" ነው ያሉኝ። አንድ ሠራተኛ መዶሻና መሮ ይዞ ይከተላቸዋል።

"ከደረጃው በስተግራ፣ በደረትዎ ልክ።"

ቋ ቋ ቋ። "አለ!" አለ ሠራተኛው።

ኮሪደር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አለ፣ አለ፣ አለ፣ አለ። ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስንደርስ "በምሰሶው ዙሩ" ስላቸው "አውቃለሁ፤ ያኔም ልክ አልነበርክም" አሉኝ። ልክ ነበርኩ። አልመለስኩላቸውም።

ሊፍቱ ጋ "ግራ" አልኩ። ፈለፈሉ፣ የለም። ባዶ ብሎኬት። የተለሰነ፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነበር።

"አሁንስ ማን ሞተብህ?" አሉኝ።

ያኔ ነው ያልኩት። "ጋሼ፣ አጠፋሁ። ማንም እንዳይሰማ ብዬ እንጂ እርስዎን ንቄ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።" ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ ካሜራው የተፈለፈለው ግድግዳ ላይ ነበር። "ቀኝ በኩል በለው" አሉት ሠራተኛውን።

ቀኝ በኩል ነበረ።

ሰኞ፣ ጁን 14

ደብዳቤው በኢሜይል መጣ! የታተመ፣ የተፈረመ፣ ክብ ማህተም ያረፈበት። ከመስከረም 2001 እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. ዋና ኤሌክትሪሺያን ሆኖ የሠራ፣ በሙያው እንከን ያልተገኘበት። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ አየሁ።

"ሠራተኛው በሕይወት ያሉ አጎቱን ሞቱ ብሎ ፈቃድ በመውሰድ ሥራውን ሳያስረክብ የሄደ ሲሆን፣ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ በስልክ አስረክቧል።"

ደሜ ፈላ! እኔ ይቅርታ ጠይቄ! ወዲያው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ይኼ የመጨረሻው ቢወጣ..."

"ውሸት አለበት?"

"የለበትም፣ ግን..."

"እንግዲያው ምኑ ይወጣል? እኔ ማህተሜን እውነት ላይ ነው የማሳርፈው" አሉና ዘጉ። ሰውዬው ስልክ መዝጋት ሱስ ሆኖባቸዋል።

ማክሰኞ፣ ጁን 15

ፈቃድ ቢሮው ጋ ለነገ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከሥራ በቀጥታ እህት ምሕረት ቤት ሄድኩ። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የምታስተረጉመው ናት፤ የምስክር ወረቀት ያላት ተርጓሚ ነች። እያነበበች ስትሄድ መጨረሻው ላይ ደረሰች። አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምትስቀው እንባዋ እስኪወርድ ነው።

"ይቅርታ ወንድም ስንታየሁ። በስመ አብ! ለራሱ ለአጎትዮው እግዜር ያጽናዎት ብለውት እንዳይሆን ብቻ።"

"ብለውታል" አልኳት በንዴት። "ያቺን አንቀጽ ዝለያት።"

ሳቋን አቆመች። "ከሥር 'ሙሉ ትርጉም ነው' ብዬ ነው የምፈርመው። አልችልም። ሌላ ተርጓሚ ጋ ብትሄድ ግን አልቀየምህም።"

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሌላ ተርጓሚ ፍለጋ ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ። አንዱ "ችግር የለም፣ አሁኑኑ ቆርጬ አወጣልሃለሁ" አለኝ። አድራሻውን ጻፍኩ። ሞተሩን ካስነሳሁ በኋላ ተመልሼ አጠፋሁት። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ስጠግን ደግሞ ስንት ወር ልኖር ነው? እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

"ተርጉሚው" አልኳት። "ሙሉውን። እንዲያውም አጎትዮውን አሳምሪው።"

ረቡዕ፣ ጁን 16

ሌሊቱን አልተኛሁም። ለካይል ግማሽ ቀን እንደምቀርና የት እንደምሄድ ነገርኩት። "ጉድ ላክ" አለኝ።

ቢሮው ውስጥ ከኮቪድ መከላከያው ፕላስቲክ ጀርባ ያለችው ሴትዮ መነጽር ያደረገች ናት። ቀኖቹን ቼክ አደረገች። ማህተሙን አየች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ገለበጠችው። የመጨረሻውን አንቀጽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፣ እንደገና አነበበች። እዚያው ቆሜ ጋሽ ወርቅነህን በልቤ ስረግማቸው ቀና አለች።

"አጎትህ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ደህና ናቸው" አልኳት።

"ጥሩ" አለች። ማህተሟን መታችበት! ፋይሉ ሙሉ ነው። ፈተናው ጁላይ ውስጥ ነው፤ ቀኑን በኢሜይል ይልኩልኛል። አልፋለሁ ወይ? የዚህ አገር ሕግ መጽሐፍ እንደ ጡብ የወፈረ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ አላውቅም። ግን እቀመጣለሁ።

ለጋሽ ወርቅነህ "ተቀበሉት" ብዬ ጻፍኩላቸው። "በርታ" ብቻ መለሱ። ለትርሲት ደወልኩ፤ እልልታዋን ክፍል የምታጸዳበት ፎቅ ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም።

መኪናው ውስጥ ኤሲውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ደህና ናቸው አልኳት እንጂ በምን አውቄ? ከመጣሁ ጀምሮ አጎቴ ጋ አንድ ቀን ደውዬ አላውቅም። እዚያ ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። ደወልኩ።

"አጎቴ፣ ስንታየሁ ነኝ።"

ትንፋሹ ይሰማኛል።

"ሙት ዓመቴ ካለፈ በኋላ ነው እንዴ ለቅሶ የምትደርሰው?" አለኝ።

እንደ ጋሼ ይዘጋብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋውም።