ሶላሩ ያልሠራበት ምክንያት

ጋሼ ዘውዴ፣

ፖላሪስ ወዳለው ሥራዬ የሚወስደኝ ልጅ ውጭ እየጠበቀኝ ስለሆነ ባጭሩ ልጻፍልዎት።

የመኪናዎ ሶላር አልተበላሸም። ሦስት ወር ሙሉ “የኦሃዮ ፀሐይ አቅም የላትም” እያሉ ሲያማርሩ እኔም አምኜዎት ነበር። ለካ ጣሪያው ሶላር የሆነ መኪና ገዝተው፣ ከሥራ በተመለሱ ቁጥር እንዳይጫር ብለው በሸራ ይሸፍኑታል! ሪሞቱን በፕላስቲክ ሲጠቀልሉ ዝም አልኩ። የሶፋውን ላስቲክ አልልጥም ሲሉም ዝም አልኩ። ፀሐይን መከልከል ግን በዛ።

ስለዚህ ትናንት ሳልነግርዎት ሸራውን ገፈፍኩት። ሌሊት በረዶ ጣለበት። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ እንዳያመልጠን ብዬ ጣሪያውን በአካፋ ጠረግኩት። ባትሪው ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ስልኬንም መኪናው ላይ ሰክቼ በዓይኔ አየሁ። እኔ ልክ ነበርኩ።

ጣሪያው ላይ ግን ከፊት እስከ ኋላ አንድ ጭረት አለ። ረጅም ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። አካፋው ብረት መሆኑን ልብ አላልኩም።

ኦቤትስ ወዳለው ሥራዎ ሲወጡ መኪናው እንደ ወትሮው ሸራውን ለብሶ ያገኙታል።

መልሼ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

የአብሥራ