መታወቂያ የሌላትን ልጅ ለመጫወት መታወቂያ ስለመጠየቁ

ለተከበሩ አቶ ሙቱኩ ንዴቶ፣
የ«ቁጥር የለሾቹ» ፊልም ዳይሬክተር፣
ናይሮቢ

ጤናዎ የተሟላ፣ ሽልማትዎም አቧራ የማይነካው ይሁን እያልኩ ከኪቤራ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። መስቱራ ፈድልሙላ እባላለሁ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኑቢ ነኝ። ቅድመ አያቴ ከሱዳን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ተቀብሮ፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ መታወቂያ ለማውጣት ግን እንደ ወገኖቼ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቆሜ ማንነቴን ማስረዳት አለብኝ። ይህን እንኳ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ፊልም ሠርተውበታል።

ፊልሙ «ማንም ያላያቸውን ወጣቶች በእውነተኛ መልካቸው ያሳየ» ተብሎ በመሸለሙ እንኳን ደስ ያለዎት። ከደስታዬ የተረፉትን ቅሬታዎች እነሆ፦

፩. ለዋናዋ ልጅ ቦታ ተፈትኜ ሳልፍ «በቃ፣ አገኘናት! ይቺው ናት!» ብለው በሰው ፊት አጨብጭበውልኝ ነበር። ውል ልፈርም ስቀርብ መታወቂያ ተጠየቅሁ። መታወቂያ የሌላትን ልጅ ለመጫወት መታወቂያ እንደሚያስፈልግ ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፪. ቦታው ከባለጸጎቹ ሰፈር ከካረን ለመጣችው ሼርሊን ሲሰጥ እኔን በአስጠኚነት ስላስቀሩኝ አመሰግናለሁ። ጉርባባችንን፣ ማለትም አንዱን ጨርቅ ከወገብ ሌላውን ከትከሻ አድርገን የምንለብሰውን፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አለበስኳት። «ውይ፣ ያወፍረኛል!» ብላ በሞምባሳ ሴቶች ጥቁር ልብስ ቀየረችው። ቋንቋችንም ለአፏ ስለከበዳት ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ አነጋገር ፈጠረች። እርስዎም «ተያት መስቱራ፣ ተመልካቹ የት ያውቃል?» ብለው አጽናኑኝ።

፫. ተመልካቹ ግን አወቀልዎት። ባለፈው ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ሰብሳቢው ፊልምዎን አይተው ኖሯል። ጉርባባዬን ከላይ እስከ ታች ገረመሙና «ኑቢ እንዲህ ነው እንዴ የሚለብሰው? አታሞኚን እንጂ!» አሉኝ። በቋንቋሽ ተናገሪ ተብዬ ስናገር ደግሞ «ኧረ የፊልሟ ልጅ እንዲህ አትልም!» ብለው ሳቁ። «ሂጂና አጥንተሽ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ተብዬ ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል፤ ለመመዝገብ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የመጪው ሐሙስ ኮሚቴ ካላሳለፈኝ ግን ቦታዬ ዓርብ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጨንቆኛል። መስታወት ፊት ቆሜ የሼርሊንን አነጋገር እየተለማመድኩ ነው። እናቴ ሰምታኝ «ምን ነካሽ ልጄ? ምን ሆንሽብኝ?» ብላ አለቀሰች።

የጠየቅሁዎት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ልብሱም አነጋገሩም ፈጠራ ነው ብለው እንዲፈርሙልኝ። ጸሐፊዎ «እውነተኛነቱ ነው ያሸለመው፤ አሁን ፈጠራ ነው እንበል? ምን ነካሽ እቴ!» ብላ ሸኘችኝ። ስለ መስተንግዶዋ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ኑቢነቷ በፊልም ያልተረጋገጠላት፣ ከኮሚቴው ወንበር እስከ ቢሮዎ ደጅ ስትመላለስ ጫማዋ ያለቀባት፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
መስቱራ ፈድልሙላ

ማሳሰቢያ፦ ፊርማዎ ከከበደ ሐሙስ ሼርሊን በእኔ ስም ትቅረብልኝ፤ እንደምታልፍ አልጠራጠርም። የአያቴን ስም ከጠየቋት ረሃን ትበል። አሥራ ሁለት ቀን አብረን ስንውል የጠየቀችኝ «ከኋላ ስታዪኝ ምን እመስላለሁ?» ብላ ብቻ ነበር።