ጀርባውን ለአስፋልት የሰጠ ቤት

የካቲት 11
ሁለት ዩኒፎርም ጨረስኩ። የአንዱ ዚፕ አስቸገረኝ… ፈታሁት፣ ደግሜ ፈታሁት። አከራዬ የሱቁን ኪራይ ሊጨምር መሆኑን ዛሬም አስታወሰኝ። ይጨምር። የራሴ በር እስኪከፈት ነው። አስፋልቱ ዳር፣ የስፌት መኪናዬ ከመግቢያው በስተቀኝ… ቦታውን በልቤ ካመቻቸሁት ቆየሁ።

ከሰዓት አበዳሪው መሥሪያ ቤት ጠራኝ። የቤት ሠሪ ማህበራችን ሰብሳቢ እኔ ነኝ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ። ብድሩ ተፈቅዷል። "አንድ ወረቀት ብቻ ይቀራል" አለች የብድር ክፍሏ ልጅ። የኃይል ቁጠባ ጥናት። ቤቱ ሳይሠራ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ባለሙያ ያጠናል። የከተማችንን የመርሳን ሙቀት ለማወቅ ባለሙያ? እሺ… ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል።

የካቲት 13
ጥናቱን የሚሠራው ደሴ ያለ አማካሪ ድርጅት ጋ ደወልኩ፣ አንድ ሰውዬ አነሳ። ለአንድ ቤት አርባ ሺህ ብር። የጣሪያዬ ግማሽ ቆርቆሮ።

"አስራ ሁለታችንም የምንሠራው በአንድ ፕላን ነው" አልኩት።

"ክፍያው በቤት ነው እህቴ።"

"አንዱን አጥንታችሁ አስራ አንዱን ፎቶ ኮፒ ልታደርጉት?"

ስልኩን ዘጋሁበት። አልከፍልም።

የካቲት 16
ማህበርተኞቹን ቦታችን ላይ ሰበሰብኳቸው። ግማሹ ከፍለን እንገላገል ይላል። ክረምት ሳይገባ ግድግዳ ካልቆመ ቦታውን እንነጠቃለን፣ እሱስ እውነት ነው።

"አርባ ሺህ ያለው እጁን ያውጣ" አልኩ። ማንም አላወጣም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" ነርሷ ለይላ ናት።

"ቅርጫ።"

ሳቁብኝ። ነገ ሁዳዴ ሊያዝ፣ ረመዳንም ሳምንት ሲቀረው፣ ምን ቅርጫ? ሥጋ አይደለም አልኳቸው። አንድ ጥናት እናስጠና፣ ዋጋውን አስራ ሁለት መደብ እናድርገው። በሬ ሲታረድ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ ሙስሊሙ ለብቻ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ አብረን ኖረን አንድ ቅርጫ ገብተን አናውቅም።

"ይሄኛውስ በሬውን አርዶ የሚባርክ ባራኪም አይፈልግ" አለች ለይላ። እህል ነጋዴው ጋሽ ኡበይደላ ሳይቀሩ ሳቁ። ተስማማን። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

የካቲት 18
ደሴ ሄድኩ። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። መሐንዲሱ ሮቤል ይባላል፣ ልጅ እግር፣ ጨዋ። ልጣላው ተዘጋጅቼ ሄጄ ወንበር ሳበልኝ… ፕላኑን ዘረጋሁለት።

"ፕላኑስ አንድ ነው። ፊታቸውስ?"

"ፊታቸው ምን ሆነ?"

ስምንቱ ወደ ምሥራቅ ያያሉ። አስፋልቱ ዳር ያሉት አራቱ ግን ወደ መንገዱ፣ ወደ ምዕራብ። የከሰዓቷ ፀሐይ በበርና በመስኮት ስትገባባቸው ምጣድ ይሆናሉ አለ። አበዳሪው አንድ ጥናት ለሁሉም የሚቀበለው ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ብቻ ነው። አንዱ እንኳ ከተለየ ሁሉም በየራሱ ይጠናል።

"አራቱን ታዞሯቸዋላችሁ?"

"እናዞራለን!"

አፌ ቀደመኝ። ሚኒባሱ ውርጌሳ ሲደርስ ነው የታየኝ። ከአራቱ አንዱ የኔ ነው።

የካቲት 19
ምንም አልሰፋሁም።

የካቲት 21
ለምን እኔ? ስምንቱ ምን ያጣሉ? አርባ ሺውን ተበድሬ ከፍዬ በሬን ወደ መንገድ ብከፍትስ… ለይላስ? ከየት ታመጣለች? ደግሞ ያ "ክፍያው በቤት ነው እህቴ" ያለኝ ሰውዬ ልክ ሊሆን ነው። እሱስ አይሆንም።

ጋሽ ኡበይደላ ጋ ሄድኩ። እሳቸውም ከአራቱ አንዱ ናቸው።

"ፊቴን ከመንገድ አዙሬ እህሌን ለማን ልሽጥ?" አሉኝ።

"እኔስ ቀሚሴን ለማን ልሽጥ፣ ጋሽ ኡበይደላ?"

"አንቺማ ቅርጫውን መዳቢ ነሽ። መዳቢ የሚያነሳው መጨረሻ የተረፈውን ነው።"

"አጥንቱ ይድረሰኝ፣ ግድ የለም። ብቻ እርስዎም ያዙሩ።"

"ስታዞሪ ልይሽና።"

የካቲት 24
ሁሉም ባለበት የቤቴን በር ችካሎች ከአስፋልቱ በኩል ነቅዬ በምሥራቅ በኩል ተከልኳቸው። መዶሻውን ማንም እንዲይዝልኝ አልፈለግሁም። ተናደድኩ እንጂ አላለቀስኩም። … ትንሽ አልቅሻለሁ።

ከአራታችን ሁለቱ ተከተሉኝ። ጋሽ ኡበይደላ ዙህር ሰግደው መጡና ያለ ወሬ ነቀሉ። "ወላሂ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ለአርባ ሺው ነው" አሉኝ።

መጋቢት 5
ሮቤል መጣ። ሁላችንም ፆመኞች፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ቦታውን ለካ፣ የችካሎቹን አቅጣጫ አንድ በአንድ አየ፣ ፈረመ። በምዕራብ ግድግዳ ላይ በርም መስኮትም እንዳይኖር ጻፈ። የኔ ሱቅ የነበረው ቦታ ላይ ማለት ነው። ምሳ ጋበዝነው፣ ሽሮ። አሁንም ጨዋ ነው።

መጋቢት 26
ብድሩ ወጣ።

ማታ ላይ የአማካሪው ድርጅት ኃላፊ ራሱ ደወለ። "ለእናንተ ልዩ ትብብር ነው ያደረግነው። ለሌሎች ማህበራት ባትነግሩ…" ለምን? የሲሪንቃና የውርጌሳ ማህበራት በየቤቱ ሊከፍሉ ተራ ይዘዋል፣ ለዚያ ነዋ።

እሺ አላልኩትም።

ግንቦት 30
ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮውም ተመታ። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ቆምኩበት… ቀዝቃዛ ነው። ያ ልጅ፣ ሮቤል፣ ልክ ነበረ፣ አይካድም። ግን የባስ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት እያወጡ ይስቁብኛል። "ይሄ ቤት ከመንገዱ ጋር ተኳርፏል እንዴ?" ይላሉ። አከራዬም የዛተውን ኪራይ ጨመረ።

ሰኔ 8
ዛሬ ቀይ የዘይት ቀለም ገዛሁ። አስፋልቱን የሚያየው ግድግዳዬ በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ሰፊ፣ ነጭ። በሰማያዊዋ የልብስ መቁረጫ ጠመኔዬ ፊደሉን ነደፍኩና ቀባሁት።

"አንድ ዓይነት ቤት፣ ፊቱም አንድ ከሆነ፣ የኃይል ጥናቱ አንድ ይበቃዋል። ሳትከፍሉ ጠይቁን።"

ከሥሩ ስልኬን። ለይላ ከታች ፊደል ታርማለች። ጋሽ ኡበይደላ መሰላሉን ይዘውልኛል። "አተልቂው እንጂ፣ ባስ እንደሆነ አይቆምልሽ" ይሉኛል። አተለቅሁት።

ቀለሙ ሳይደርቅ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ሰው፣ የውርጌሳ ማህበር ሰብሳቢ ዓለምነህ ነኝ አለ። ከባስ ላይ አንብቦ ነው።

"እውነት ነው የጻፋችሁት?"

"ችካል ተክላችኋል?"

"ነገ ልንተክል ነው።"

"እንዳትተክሉ" አልኩት። "መጣሁ።"