እህቴን ቀበቶዋን ያስፈታኋት እኔ ስለመሆኔ

ለኢንሹራንስ ኩባንያው የካሳ ክፍል ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 12

አመልካች፦ ከኋላ የተመታችው መኪና ባለቤትና አሽከርካሪ

ጉዳዩ፦ የታላቅ እህቴ የአካል ጉዳት ካሳ በግማሽ እንዲቀነስ የተሰጠው ውሳኔ በተሳሳተ ቃል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፤

ወደ ቢሮዎ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጥፋት የለብኝም ሊል ነው። እኔ የመጣሁት ጥፋት የለብሽም ተብሎ ስለተጻፈልኝ ነው። ጊዜዎን ስለምሻማብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነገሩን ከነአመጣጡ አስረዳለሁ።

1ኛ. እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ታላቅ እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። አደጋው በደረሰበት ጠዋት ከቤቷ ወደ ሱቋ እያደረስኳት ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆምን። ቆመን ሳለ የኩባንያችሁ ደንበኛ የሚያሽከረክረው የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ከኋላ መጥቶ መታን። ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው የአደጋ ፕላንም፣ የእናንተው ውሳኔም ይህንኑ ይላል። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም።

2ኛ. በውሳኔው መሠረት መኪናዬ በእናንተ ወጪ ሙሉ በሙሉ ተጠግናለች። የጋራዡ ቀጥቃጭ ሲያስረክበኝ "አሁን ይቺ የተመታች ትመስላለች?" ብሎኛል፤ እውነቱን ነው፣ አትመስልም። የእህቴ የቀኝ እጅ አንጓ ተሰብሯል፤ የሁለት ጣቶቿ ጅማትም ተጎድቷል። የእሷ ካሳ ግን "ተጎጂዋ የደህንነት ቀበቶዋን በራሷ ፈቃድ የፈታች በመሆኑ" በሚል ምክንያት በግማሽ እንዲቀነስ ተወስኗል። ማበጠሪያ መያዝ አቅቷታል። ደንበኞቿ "እስኪሻልሽ ድረስ ነው" እያሉ አንድ በአንድ ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ገብተዋል። እኔ ልጠይቃት ስሄድ መኪናዬን በሯ ላይ አላቆምም። ከቤቷ ጀርባ ባለው መንገድ አቁሜ በእግሬ እዞራለሁ።

3ኛ. "በራሷ ፈቃድ" የሚለው ትክክል አይደለም። ቀበቶዋን ያስፈታኋት እኔ ነኝ።

ይህን ለማስረዳት የቤተሰብ ገመና መግለጥ ግድ ሆኖብኛል፤ ይታገሡኝ። እህቴና እኔ ተኳርፈን ነበር። ልጇ በተመረቀችበት ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃ እሰቅል ነበር፤ ምርቃቱ ላይ አልተገኘሁም። ስልክ እንኳ የደወልኩት በማግስቱ ነው። እህቴ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቴ መምጣት ተወች። እኔ ስሄድ ደግሞ እንደ ሩቅ ሰው "እባክሽ ቁጭ በይ" ትለኝ ጀመር። እናታችን ካረፈች በኋላ አጥባ፣ አብልታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከእሷ አፍ "እባክሽ" ሲወጣ ከስድብ ይብሰኛል።

ስለዚህ ያን ዕለት "በታክሲ እሄዳለሁ" ስትለኝ እጇን ይዤ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋት። አንዴ ከገባች ወዴት ታመልጣለች ብዬ ነው። ለሱቋ መስኮት የሚሆን መጋረጃ፣ በምትወደው የወይራ ቀለም፣ ሰፍቼላት ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ነበር። ሱቋ ስንደርስ ልሰጣት ነበር ሐሳቤ። መብራቱ ላይ ስንቆም ግን መታገሥ አቃተኝ።

"እትዬ፣ ከኋላ ያለው ጥቅል ያንቺ ነው፤ አንሺው" አልኳት።

"ስንደርስ አየዋለሁ" አለችኝ።

"አሁን እዪው! ይሄ መብራት እንደሆነ ቶሎ አይለቅም።"

ዞር ብላ እጇን ሰደደች። ቀበቶው ያዛት። "አልደርስበትም" አለች።

"ፍቺው፤ ቆመን የለ እንዴ!" አልኳት።

ፈታችው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ተጠማዛ ጥቅሉን እንደያዘች ተመታን።

4ኛ. ከመኪናው ወርጄ የጮህኩት "ጥፋቱ የእኔ ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው!" እያልኩ ነበር። የዳቦ መኪናው ሹፌር ግራ ገብቶት "እንዴ፣ የመታኋችሁ እኮ እኔ ነኝ!" አለኝ። ትራፊክ ፖሊሱም "እህቴ፣ ቆመሽ ነው የተመታሽው፤ ቃልሽን አታበላሺ" ብሎ ገሠጸኝ። በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ደንግጣ ነው አለ። ውዬ አድሬ እኔም ደንግጬ ነው ማለት ጀመርኩ። ያን ሰዓት የተናገርኩት ግን ስለ መኪናው አልነበረም።

5ኛ. የኩባንያችሁ መርማሪ እህቴ ቤት ቃሏን ሊቀበሉ ሲመጡ እኔ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ትሑት ሰው ናቸው። "ቀበቶዎን ለምን ፈቱት? ፍቺው ያለዎት ሰው ነበር?" ብለው ጠየቋት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ "እኔው ነኝ የፈታሁት። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ማን ያዝዘኛል?" አለች። መርማሪው ሣቁ፣ ጻፉ።

እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ። ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ።

እህቴ እንዲህ ያለችው እኔን ነገር ውስጥ ላለማስገባት ነው። ያቺ አንዲት ቃል ካሳዋን በግማሽ እንደምትቆርጥባት ሁለታችንም አላወቅንም። ውሳኔው ሲደርሳት ግን አወቅን፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። እንደ ሕግ አዋቂ "ይግባኝ እንበል እንጂ" አልኳት። "ተዪው፤ የተሰጠኝም አይናቅም" አለችኝ፣ የሹራቧን ቁልፍ ለመቆለፍ እየታገለች። ልቆልፍላት ተነሣሁ። እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፍኩላት። ይህን አቤቱታ ለመጻፍ የወሰንኩት ያኔ ነው።

6ኛ. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. መርማሪው ዘንድ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥና ከእህቴ ፋይል ጋር እንዲያያዝ፤

ለ. ቀበቶዋን የፈታችው አሽከርካሪዋን አምና መሆኑ ታይቶ ካሳዋ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈላት። ሕጉን አላውቅም። የግድ ከአንድ ሰው ላይ መቀነስ አለበት የሚል ከሆነ ከእኔ ይቀነስ፤ ለመኪናዬ ጥገና የወጣውን ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ፤

ሐ. እህቴ ለመርማሪው የሰጠችው ቃል እንደ ውሸት እንዳይቆጠርባት። ስታሳድገኝ የለመደችው ነው። ልጅ ሆኜ የጎረቤት መስኮት ስሰብርም "እኔ ነኝ" የምትለው እሷ ነበረች።

7ኛ. ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ እሷ ሳታውቅ የእሷን ቃል ማስተባበል ነውር መሰለኝና ሱቋ ሄጄ አነበብኩላት። ባዶ ወንበሮቹ መካከል ተቀምጣ ሰማችኝ። "ፍቺው" ያልኩበት ቦታ ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ወረቀቱን ተቀብላኝ ራሷ ጨረሰችው። ከዚያ፣ ስንት ጊዜ የናፈቀኝን ቁጣ ተቆጣችኝ።

"ሰው ሊሸፍንሽ ሲል አንቺ ደግሞ አደባባይ ትወጫለሽ?" አለች። ወረቀቱን መልሳ አየችና፣ "ቆይ፣ የመታንስ ሰውዬ የታለ? ሁሉንም አንቺ ላይ ጨረስሽው እኮ! ይሄን ያነበበ ሰው ዳቦ ጫኙ ቆሞ እኛ ሄደን የገጨነው ነው የሚመስለው። በይ ጻፊ" አለችኝ።

ስለዚህ በእሷ ትእዛዝ እጽፋለሁ። ሹፌሩ ስልኩን እያየ እንደነበር ራሱ በትራፊክ ፖሊሱ ፊት ተናግሯል። መብራቱ ቀይ ነበር፤ እኛም ቆመን ነበር። ሹፌሩ ፊት ለፊቱን ቢያይ ኖሮ፣ እህቴ ቀበቶ ብትፈታም ባትፈታም እጇ ደህና ነበር። ይህ እውነት መሆኑ ይገባኛል፤ ለልቤ ግን ገና አላሳመንኩትም። እህቴ ይቅር ብላኝ እንደሆነም አልጠየቅኋትም። ብቻ ስወጣ "መኪናሽን የት ነው የምታቆሚው? በእግርሽ ስትመጪ ነው የማይሽ" አለችኝ።

ጉዳዩን መርምረው ለእህቴ የሚገባትን እንደሚያደርጉላት ተስፋ በማድረግ፣ ለተጠራሁበት ቀን ሁሉ የምቀርብ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ) አመልካች፣ የመኪናዋ ባለቤት

(ፊርማ) ተጎጂ፣ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ፊርማ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር ባይመሳሰል ሌላ ሰው የፈረመላት እንዳይመስልዎ። በግራ እጇ ነው የፈረመችው። ወረቀቱን ልይዝላት እጄን ስዘረጋ "ተዪኝ፣ ራሴ እፈርማለሁ" ብላኛለች።