ከአምበሪቾ በላይ ያለው ላይብረሪ

ሆሳዕና
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሞጽ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤውን ነገ ወደ ጆሃንስበርግ በሚበረው በጎረቤታችን በታዴዎስ እጅ ልኬልሃለሁ። ብደውልልህ «ኔትወርክ አስቸገረ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ተቀምጠናል። ጵርስቅላ እግሯን ታጥባ፣ ስልኩን የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ የአባቷን ተረት ትጠብቃለች። ገና አፏን ስትፈታ ጥለሃት የሄድክ ልጅ፣ አባት ማለት ለሷ የቅዳሜ ድምፅ ነው። መልእክቱ ገባ። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው።

ያው ለጵርስቅላ የፈጠርክላት ላይብረሪ ነው። ከአምበሪቾ ተራራ በላይ ደመናው ላይ የተሠራው፣ ምሰሶው እንሰት፣ ገጹ የእንሰት ቅጠል፣ ሲመሽ መጻሕፍቱ በእግራቸው ሄደው መደርደሪያቸው ላይ የሚወጡበት። መነፅር ያደረገው ዘበኛ ጅብ ጋ ስትደርስ ልጅህ ካንተ ቀድማ ሳቀች። አንተ ግን ምን አልክ? «የላይብረሪው ቁልፍ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ልጅ እጅ ብቻ ነው። ማነው እሱ? ቲቶዬ ነዋ! አባዬ ይወድሃል። ለእማዬ ሰኞ ቤት እገባለሁ ብሏል በላት።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንተን ደግሞ ጣትህ አመለጠችህ፤ ለዚያኛው ቤት የቀዳኸውን ለእኛ ላክኸው። በማግስቱ ደውለህ «የጓደኛዬ ልጅ ነው» አልከኝ። ኧረ ባክህ! የጓደኛህ ልጅ ነው አባዬ የሚልህ? የጓደኛህ ሚስት ናት ሰኞ ቤት የምትገባላት? ለእኛ ሲሆን ሁልጊዜ «የመኖሪያ ወረቀቴ ሲያልቅ እመጣለሁ» ነው። እዚያ ግን ሰኞ ነው። መልእክቱን ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ፣ ቤቴ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ጵርስቅላ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ቁልፉ የኔ አልነበር?»

«ያንቺ ነው እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ ሳይጠይቀኝ ለምን ሰጠው?»

እስቲ አንተ መልስላት።

እናትህ ሰምተው ከሀቢቾ መጡ። «ወንድ ልጅ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ቻይው» አሉኝ። «እኔስ ልቻለው፣ ጵርስቅላ ምን ትሁን?» ስላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሽማግሌ ልላክ ብለው ነበር የመጡት፤ ሐሳባቸውን ትተው ተመለሱ።

እኔን ማታለልህን ተወው። ተንበርክኬ ለጌታዬ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ይወቅልኝ። ግን አሞጽ፣ ተረት አጣህ? የጦጣው አለ፣ የቀበሮው አለ፣ አያትህ የነገሩህ ሁሉ አለ። ለዚያ ልጅ የልጄን ተረት ካልሰጠሁ ብለህ ነው? ቤት ለሁለት ስትሠራ ያልደከምክ ሰው፣ ተረት ለሁለት መሥራት አቃተህ። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ እኔ ሌላ እርግማን አላውቅም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ አንተ ያስቀባኸውን የሳሎን ግድግዳ በከሰል ሞልታዋለች። ላይብረሪውን ሥላለች፣ እንሰቱ፣ ደመናው፣ ጅቡ ከነመነፅሩ ሳይቀር። ልቆጣ ብዬ ጠጋ አልኩ። ውስጥ እሷ ቁልፍ ይዛ ቆማለች፣ አጠገቧ ትንሽ ወንድ ልጅ አለ።

«ይሄ ማነው?»

«ቲቶ ነዋ። እሱ ምን አጠፋ? ይግባ።»

«ከበሩ ውጪ የቆመውስ?»

«አባዬ ነው። ጅቡን እንዳያስገባው ነግሬዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ወረቀቱ እስኪያልቅ» አለችና ከሰሏን አንስታ ደመናውን ማጥቆር ቀጠለች።

እንግዲህ ልጅህ ፈርዳለች። አማልጂኝ እንዳትለኝ፣ ቁልፉ በኔ እጅ አይደለም። የቅዳሜውንም ድምፅ አትላክ፤ የምትነግራት ካለህ መጥተህ በር ላይ ቆመህ ንገራት።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ሁለቱንም ማለቴ ነው። አንተንም ካለህበት ይጠብቅህ። እዚያ አገር ሱቅ ይዘርፋሉ ይላሉ፤ ሱቅህን ሳይመሽ ዝጋ።

የጵርስቅላ እናት
አዜብ

ደግሞ ያ ለቲቶ «ደህና እደር» ካልክ በኋላ የምትስለው ሳል አላማረኝም። መጀመሪያ ስሰማው ጉንፋን መስሎኝ ነበር፤ እየደጋገምኩ ሳዳምጠው ግን ደረቅ ነው። ታከም።